የሐጅ መንገደኛ የመጀመሪያ ስንቅ

 

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለ መንገደኛ ጤና ነው። መንገደኛውም ወደ መካ ለሐጅ የሚሄድ ሰው ነው። ሙስሊም ያልሆናችሁ አንባቢዎቻችንም ይህን ገጽ አትለፉት። ጎረቤታችሁ በሰላም ሲመለስ አቅፋችሁ የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። ቡናውን አብራችሁ ትጠጣላችሁ። ስለዚህ የእርሱ ጤና የእናንተም ጤና ነው።

አንድ አባት የጠየቁን ጥያቄ

በቅርቡ ከሆሳዕና ብዙ ከማይርቅ ቀበሌ አንድ አባት ወደ እኛ መጡ። ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ለሐጅ ለመሄድ ብዙ ዓመት ገንዘብ ሲያጠራቅሙ ኖረዋል። ባሕር ዛፋቸውን ሸጠዋል። ሁለት በሬም ሸጠዋል። ልጆቻቸውም አዋጥተውላቸዋል።

ከተቀመጡ በኋላ እንዲህ አሉን።

«ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ለሐጅ ክትባት ያስፈልጋል ይሉኛል። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ 'ምን መርፌ ያስወጋዎታል? ወረቀቱን ብቻ በገንዘብ አስጨርስልዎታለሁ' አለኝ። እኔ እንደምታዩኝ ጤነኛ ነኝ። መርፌው ይቅርብኝና ወረቀቱ ብቻ ቢሰጠኝ ምን አለበት?»

እኛም ወዲያው «አይሆንም» ብለን ልንሸኛቸው እንችል ነበር። ግን ትልቅ ሰው ምክንያቱን ማወቅ አለበት። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ዛሬ እሺ ቢል ነገ ደላላው ያታልለዋል። ስለዚህ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ያን ቀን የተነጋገርነውን ነው ዛሬ ለሁላችሁ የምንጽፈው።

ሰው በበዛበት በሽታም ይበዛል

በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሺንሺቾ የገበያ ቀን ምን ያህል ሰው እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋል። አንዱ ሲያስል ትንፋሹ ሌላው ፊት ላይ ያርፋል።

አሁን ደግሞ መካን አስቡ። በ2017 ዓ.ም. በሐጅ ላይ የተገኘው ሰው ከ1 ሚሊዮን 600 ሺህ በላይ ነበር። የመጣውም ከአንድ አገር አይደለም። ከእስያ፣ ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ካዕባን አብሮ ይዞራል። በሚና በድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ይተኛል። በዓረፋ ሜዳ አብሮ ይቆማል።

እያንዳንዱ ሰው የአገሩን በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የሌላውን አገር በሽታ ይዞም ሊመለስ ይችላል። ይህ ደግሞ የታየ ነገር ነው። ከ150 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1865፣ በሐጅ ላይ ኮሌራ ገብቶ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሐጃጅ ጨረሰ። በሽታው ከተመላሾቹ ጋር በመርከብ ተጉዞ ግብጽና አውሮፓ ደረሰ። መንግሥታትም ደንግጠው በሚቀጥለው ዓመት ስለ በሽታ ቁጥጥር ተሰብስበው መከሩ። የመንገደኛ ጤና ቁጥጥር እየጠበቀ የመጣው ከእንዲህ ያለው መከራ በኋላ ነው።

ማጅራት ገትር፣ ዋናው ክትባት

ለሐጅ ከሚያስፈልጉት ክትባቶች ዋናው የማጅራት ገትር ክትባት ነው።

ማጅራት ገትር ክፉ በሽታ ነው። የአንጎልንና የአከርካሪን ሽፋን ያቆስላል። ምልክቱ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክና የአንገት መድረቅ ነው። በሽተኛው አገጩን ወደ ደረቱ ማጠፍ ያቅተዋል። ብርሃን ማየት ያስጠላዋል። ቶሎ ካልታከመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። የተረፈውም አንዳንዴ መስማት ይሳነዋል። በሽታው የሚተላለፈው በሳል፣ በማስነጠስና በቅርብ ትንፋሽ ነው።

በ1979 ዓ.ም. በሐጅ ወቅት ይህ በሽታ መካ ውስጥ ተነሣ። ሐጃጆች ወደየአገራቸው ይዘውት ተመለሱ። ወዲያው በሱዳንና በቻድ ብዙ ሰው ታመመ። በ1981 ዓ.ም. በአገራችን በኢትዮጵያም ትልቅ ወረርሽኝ ሆነ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። ከዚያ የ1979ኙ ሐጅ በኋላ የሳውዲ ዓረቢያ መንግሥት ያልተከተበ ሐጃጅ እንዳይገባ ደነገገ።

በ1992 እና በ1993 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ዓይነት ማጅራት ገትር በሐጅ ላይ ታየ። ያን ጊዜ ብዙዎች ይወስዱት የነበረው ክትባት ይህን አዲሱን ዓይነት አይከላከልም ነበር። ስለዚህ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አራቱን ዓይነቶች አንድ ላይ የሚከላከል ክትባት ግዴታ ሆነ። ዛሬም የሚጠየቀው ይህ ባለ አራቱ ክትባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአገራችን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በዘመቻ የማጅራት ገትር ክትባት ተሰጥቶ ነበር። ከ1 እስከ 29 ዓመት ያሉ ሰዎች ወስደዋል። ከእናንተም መካከል የወሰዱ ይኖራሉ። ያ ክትባት ጥሩ ክትባት ነው፤ ብዙ ሕይወት አድኗል። ነገር ግን የሚከላከለው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። ስለዚህ «እኔ ያኔ ተከትቤአለሁ፤ ይበቃኛል» ማለት ለሐጅ አይሠራም።

«አሁንማ በሽታው ጠፍቷል» የሚል ሰውም አይታጣም። አልጠፋም። በ2016 ዓ.ም. ለዑምራ ሳውዲ ደርሰው በተመለሱ ሰዎችና በቅርብ ሰዎቻቸው ላይ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በፈረንሳይ 12 ሕሙማን ተገኝተዋል። ከእነርሱ መካከል ዘጠኙ ያልተከተቡ ነበሩ።  ይህን ቁጥር አስታውሱት።

አሥር ቀን ለምን?

ክትባቱ መወሰድ ያለበት ሳውዲ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አዲስ አበባ ስደርስ፣ ከአውሮፕላኑ በፊት እወጋለሁ» ይላል።

እናንተ ገበሬዎች ናችሁ። ዛሬ የተዘራ ዘር ነገ አይታጨድም። ክትባትም እንደዚሁ ነው። መርፌው ክንድ ላይ ሲያርፍ ገና መዝራት ነው። ሰውነት በሽታውን የሚዋጋበትን ኃይል ለማዘጋጀት ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ ነው አሥር ቀን የተባለው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ሰው ሳውዲ የሚደርሰው ግንቦት 20 ቀን ነው እንበል። ከ20 ላይ 10 ሲቀነስ 10 ይቀራል። ስለዚህ ከግንቦት 10 ቀን ወዲህ መዘግየት የለበትም። ግን እስከ መጨረሻው ቀን ለምን ይጠብቃል? ክትባቱ ያለቀበት ቀን ሊገጥም ይችላል። መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ጉዞው ከታወቀ ከወር በፊት መከተብ ይሻላል።

አባቶቻችን ምን ብለዋል? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ክትባቱ እንደ ዓይነቱ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ያገለግላል። የትኛው እንደ ተሰጣችሁ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ቢጫ ወባ፣ የቅርብ ጎረቤት

ሁለተኛው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ስሙ ወባ ይባል እንጂ ከምናውቀው ወባ የተለየ በሽታ ነው። እርሱንም የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ትኩሳት ያመጣል። ዓይንን ቢጫ ያደርጋል። ሲከፋም ያደማል፤ ይገድላል።

ይህ በሽታ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይ በኦሞ ወንዝ አካባቢ፣ ቢጫ ወባ ተነሥቶ ወደ 30 ሺህ ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። የኦሞ ወንዝ ደግሞ ከላይ ግቤ የምንለው ነው። ሀዲያን በምዕራብ በኩል የሚያዋስነው ወንዝ ማለት ነው።

በቅርቡም ታይቷል። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻና በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በወላይታ ዞን በኦፋ ወረዳ ተነሣ። በየካቲት 2012 ዓ.ም. ደግሞ በጉራጌ ዞን በእነሞርና ኤነር ወረዳ ታየ። ወላይታ ከደቡባችን ነው። ጉራጌ ከሰሜናችን ነው። እኛ መካከል ላይ ነን።

ሳውዲ ይህን ክትባት የምትጠይቀው ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጡትን ነው። ኢትዮጵያ ከእነዚህ አገሮች አንዷ ናት። እዚያ አገር በሽታው የለም፤ ትንኟ ግን አለች። አንድ የታመመ ሰው ቢገባ ትንኟ ከእርሱ ወስዳ ለሌላው ታደርሳለች። የሚፈሩት ይህን ነው።

ይህም ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ድሮ በየ10 ዓመቱ ይታደስ ነበር። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ግን አንድ ጊዜ የተሰጠው ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ተወስኗል። ስለዚህ ካርዱን እንደ መሬት ደብተራችሁ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። ዕድሜው ከ60 በላይ የሆነ ሰው፣ ነፍሰ ጡር ሴት፣ እንቁላል ሲበላ ሰውነቱ የሚቆጣ ሰው፣ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም በሽታ ያለበት ሰው ከመከተቡ በፊት ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ አይቶ ይወስናል። መደበቅ ጉዳቱ ለራስ ነው።

ሌሎች ክትባቶች

የፖሊዮ፣ ማለትም የልጅነት ልምሻ፣ ክትባትም ለአዋቂ ሊጠየቅ ይችላል። የሚጠየቀው በሽታው ከታየባቸው አገሮች የሚመጣ ሰው ነው። የአገሮቹ ስም ዝርዝር ከዓመት ዓመት ይለወጣል። ከተጠየቀ ግን ከጉዞው 4 ሳምንት ቀደም ብሎ መወሰድ ይኖርበታል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ።

የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለሽማግሌዎችና ሕመም ላለባቸው ይመከራል። ሐጃጅ ሁሉ ይዞት የሚመለሰው ዋናው ነገር ሳልና ጉንፋን ነውና። ኮቪድንም አንርሳው። በዚህ በሽታ ምክንያት በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ከውጭ አገር አንድም ሐጃጅ ሳይገባ ቀርቷል። የትኛው ክትባት በዚያ ዓመት ግዴታ እንደ ሆነ፣ የትስ እንደሚሰጥ፣ በየአካባቢያችሁ ያለው የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ይነግራችኋል። የመንገድ ወሬ አትስሙ።

ካርዱን ራሳችሁ አንብቡት

እስከ ትናንት ድረስ ካርዱን የሚያነብልን ሌላ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ማንበብ ተምረናል። የማንበብ ጥቅሙ እንዲህ ባለው ቀን ነው። ካርዱን ስትቀበሉ እነዚህን ተመልከቱ።

አንደኛ፣ ስማችሁን። ካርዱ ላይ ያለው ስም ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ጽሑፉ በላቲን ፊደል ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። ፊደሎቹን ባታውቋቸውም መልካቸው መመሳሰሉን ታያላችሁ።

ሁለተኛ፣ ቀኑን። ካርዱ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተከተበ ሰው ካርዱ ላይ 9 ቁጥርን፣ የሜይ ወርንና 2025ን ያያል። ይህን ያላወቀ ሰው «ዓመቱ ተሳስቷል» ብሎ ይደነግጣል። ወይም አሥሩን ቀን አሳስቶ ይቆጥራል። የከተባችሁን ነርስ «በእኛ አቆጣጠር ስንት ቀን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በደብተራችሁ ጻፉት።

ሦስተኛ፣ ማኅተምና ፊርማ መኖሩን።

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ወረቀቱ ብቻ ቢገዛስ? ወረቀት ዘበኛን ሊያሳልፍ ይችላል። በሽታን ግን አያግድም። ማጅራት ገትር ማኅተም አያነብም! ወረቀቱ ሐሰተኛ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ሰውየው ከደጅ ይመለሳል። ስንት ዓመት የተለቀመ ገንዘብ ውኃ በላው ማለት ነው። ካልታወቀም ይብሳል። በሽታውን ይዞ መጥቶ የልጅ ልጁን ሊያስይዝ ይችላል።

ከመሄድ በፊት ምርመራ

የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ይመርመር። ሕመም እንዳለበት የማያውቅም ሰው ዕድሜው ከገፋ ቢመረመር መልካም ነው። በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ግፊትና ስኳር ይለካል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል። በሆሳዕና የንግሥት ኢሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። ስሙ የተሰየመው ከሀዲያ ገዢ ቤት ተወልዳ የኢትዮጵያ ንግሥት በሆነችው በኢሌኒ ነው።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ለጉዞው ቀናት ሁሉ የሚበቃና ጥቂት ትርፍ ያዙ። በትልቁ ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ያዙት። ሻንጣ ይጠፋል፤ ይዘገያል። የሐኪም ማዘዣውንም አብራችሁ ያዙ።

ሙቀቱ

ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ጠዋት ጋቢ እንለብሳለን። መካ ግን ቆላ ናት፤ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። ደጋ የለመደ ሰውነት እዚያ ሲወርድ ይደነግጣል።

በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሐጅ ወቅት የመካ ሙቀት 51.8 ዲግሪ ደርሶ ነበር። በዚያ ሐጅ 1301 ሰዎች እንደ ሞቱ የሳውዲ መንግሥት አስታወቀ። ከመቶው 83ቱ ያለ ሐጅ ፈቃድ የገቡ ነበሩ። ፈቃድ የሌለው ሰው ድንኳን የለውም። አውቶቡስ የለውም። ረጅም መንገድ በጠራራ ፀሐይ በእግሩ ይሄዳል። እንግዲህ ደላላ «በሌላ ቪዛ አሳልፌ ሐጅ አስደርግሃለሁ» ሲላችሁ ይህን አስቡ። የሚያስከፍላችሁ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

እኛ የገጠር ሰዎች በእግር መሄድ አይከብደንም። በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰባት ጊዜ ምልልስ ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን እንችለዋለን። የሚጥለን መንገዱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ጥቂት ጥቂት አድርጋችሁ ቶሎ ቶሎ ጠጡ። ሽንታችሁ ጠቆር ካለ ውኃ አንሷችኋል ማለት ነው።

ጃንጥላ ያዙ። ወንድ በኢህራም ጊዜ ራሱን በጨርቅ አይሸፍንም፤ ጃንጥላ ግን ይይዛል።

በቀትር አትውጡ። ግዴታ ያልሆነውን ሥራ ለማታ ወይም ለማለዳ አድርጉት።

ጫማችሁን ከእጃችሁ አትለዩ። በትንሽ ከረጢት ያዙት። ጫማው የጠፋበት ሰው በጋለ ድንጋይ ላይ ሲሄድ እግሩ ይቃጠላል። በተለይ ስኳር ያለበት ሰው ማቃጠሉን ላይሰማው ይችላል። ቁስሉ ግን ቶሎ አይድንም።

አጠገባችሁ ያለ ሰው ሰውነቱ ከጋለ፣ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩም ከተዘበራረቀ፣ ሙቀቱ መቶታል። ወደ ጥላ ውሰዱት። ልብሱን አላሉ። ሰውነቱን በውኃ አርጥቡና አራግቡለት። ሐኪም ጥሩ። ራሱን የሳተ ሰው አፉ ውስጥ ግን ውኃ አታፍስሱ፤ ያንቀዋል።

ግፊያውንም ተጠንቀቁ። መስከረም 13 ቀን 2008 ዓ.ም. በሚና በተፈጠረ መረጋገጥ በይፋ የተነገረው የሞተ ሰው ቁጥር 769 ነበር። የየአገሩ መንግሥት የቆጠረው ሲደመር ግን ከ2000 ያልፋል። የተመደበላችሁን ሰዓት ጠብቁ። የወደቀ ዕቃ ለማንሣት በሕዝብ መካከል አታጎንብሱ። ከሰው ጅረት ጋር ሂዱ እንጂ ወደ ኋላ አትመለሱ።

ምግብ፣ ውኃ፣ ምላጭ

ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የቆየና የቀዘቀዘ ምግብ አትብሉ። ተቅማጥ ከያዛችሁ ኦአርኤስ በንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው ልክ ይሁን፤ አይከመር። ጨው ከበዛ ይጎዳል።

የግመል ወተት ሳይፈላ አትጠጡ። ግመልንም አትነካኩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውዲ ውስጥ የታወቀ የሳንባ በሽታ ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋል።

በሐጅ መጨረሻ ወንዶች ራሳቸውን ይላጫሉ። አንድ ምላጭ ለሁለት ሰው አይሁን። በምላጭ የጉበት በሽታና ኤችአይቪ ሊተላለፉ ይችላሉ። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ። ፈቃድ ወዳለው ፀጉር አስተካካይ ሂዱ።

የሚያስል ሰው አፉን ይሸፍን። በጭንቅንቅ ቦታ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይጠቅማል። በኢህራም ጊዜ ስለ መሸፈኛውና ሽታ ስለሌለው ሳሙና የሃይማኖት አባቶቻችሁን ጠይቁ።

ይህ ምክር ለአገር ውስጥ ዚያራም ይሠራል። ወደ ባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚሄዱ አሉ። እዚያም ብዙ ሰው ይሰበሰባል። ኮሌራ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን በሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተነሥቶ ወደ ብዙ ወረዳዎች መዛመቱን አስታውሱ። ውኃውን አፍልታችሁ ወይም አክማችሁ ጠጡ። ሜዳ ላይ አትጸዳዱ።

ሲመለሱ

ሐጃጅ ሲመለስ አገር ምድሩ ይቀበለዋል። ደስ የሚል ባህል ነው። ግን ተመላሹ ትኩሳትና ሳል ካለው እቅፉ ጥቂት ቀን ይቆይ። ሕፃናትንና አዛውንትን አይጠጋ። ከተመለሰ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት፣ ከባድ ሳል፣ የአንገት መድረቅ ወይም ተቅማጥ ከያዘው ቶሎ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲደርስም መጀመሪያ «ከሐጅ ነው የመጣሁት» ይበል። ይህች አንድ ቃል ሐኪሙን በጣም ትረዳዋለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ብትሰማ መልካም ነው።

አባታችን ምን አደረጉ?

ይህን ሁሉ ስንነጋገር እኚያ አባት ዝም ብለው ይሰሙ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አሉ።

«ሐጅ የምሄደው ንጹሕ ሆኜ ልመለስ ብዬ ነው። በውሸት ወረቀት ጀምሬ እንዴት ንጹሕ እሆናለሁ?»

ከዚያ ከግድግዳችን ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ጠየቁን። አወረድንላቸው። የጉዞውን ቀን በጣታቸው ያዙ። ወደ ኋላም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቆጠሩ። አሥር ሲደርሱ አልቆሙም። እስከ ሠላሳ ቆጠሩና ያን ቀን በእርሳስ ከበቡት። ማንም አላገዛቸውም።

እኛም ደስ ብሎን ሸኘናቸው። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላል። ለሐጅ የምትነሡ ሁሉ በሰላም ሂዱ፤ በሰላም ተመለሱ።

የቃላት ፍቺ

ወረርሽኝ፦ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ።
ማመሳከር፦ ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን አድርጎ አንድ መሆናቸውን ማየት።
ሐሰተኛ፦ እውነት ያልሆነ።
ግዴታ፦ ሳይደረግ የማይታለፍ ነገር።

ጥያቄዎች

ካነበባችሁ በኋላ በደብተራችሁ መልሱ። መልሱን ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤት ንገሩ።

1. የማጅራት ገትር ምልክቶች ምን ምን ናቸው?
2. አንድ ሰው ሳውዲ የሚደርሰው ግንቦት 25 ቀን ቢሆን ቢዘገይ በስንት ቀን መከተብ አለበት?
3. በክትባት ካርድ ላይ ምን ምን እንመለከታለን?
4. ሙቀት የመታውን ሰው እንዴት እንረዳዋለን?
5. ከሐጅ የተመለሰ ሰው ቢታመም ለሐኪም መጀመሪያ ምን ይላል?